ኦርጅናል ነው ቻይና?

ባለፈው ሰሞን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ያው ግድግዳው ላይ ሰክተን ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም ስልኩንም አንድ ላይ የምንቀጥልበትን ማለቴ ነው። ባለሱቁ ልጅ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ፋዘር፣ ኦርጅናል ነው ቻይና?» አለኝ። ሁለቱንም አሳየኝ አልኩት። ኦርጅናሉ በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል። ዋጋውም እንደዚያው፤ የቻይናውን እጥፍ ነው። መነጽሬን አውጥቼ ከጀርባው ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሳነብ «ሜድ ኢን ቻይና» ትላለች። የቻይናውን ገለበጥኩት። እሱም ያው!

«ልጄ፣ ሁለቱም እኮ ቻይና ናቸው» ብለው በትዕግሥት አየኝ። ለሽማግሌ ነገር የሚያስረዳ ወጣት እንዴት እንደሚያይ መቼም ታውቁታላችሁ። «አይ ፋዘር፣ ይሄኛው ቻይና የሠራው ኦርጅናል ነው። ያኛው ግን ቻይና ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ቻይናና ስለ እኛ በየስብሰባው ከተነገረው ሁሉ የዚህ ልጅ አነጋገር ይሻለኛል። ቢያንስ እሱ ቻይና ሁለት ዓይነት ዕቃ እንደምትሠራ ያውቃል። ሁለቱንም አስመጥቶ መደርደሪያው ላይ የደረደረው ማን እንደሆነም ያውቃል።

በአዲስ አበባ አማርኛ «ቻይና» አገር መሆኗ ቀርቶ ቅጽል ከሆነች ቆየች። ቶሎ የሚሰበር ሁሉ ቻይና ነው። ሳይማር ዲግሪ የያዘው ሰውዬ ዲግሪው ቻይና ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ትዳር «ቻይና ነበር ለካ» ይባላል። ልጆቻችንም ድሮ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ የሚከተሉትን እንግዳ ዛሬ ዓይኑ ጠበብ ካለ «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል። ጃፓኑም ቻይና፣ ቬትናሙም ቻይና፣ ኮሪያውም ቻይና። የኮሪያው ነገር እንኳ ከሁሉም ይብሳል። ሰውዬው የቃኘው ሻለቃን አርበኞች ላመስግን ብሎ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ አባቶቻችን እዚያ ተራራ ላይ ሲዋጉት በነበረው ወገን ስም እንጠራዋለን!

ይህ የገበያው ቋንቋ ነው። ሌላው ደግሞ የአዳራሹ ቋንቋ አለ። እዚያ ቻይና «የክፉ ቀን ወዳጅ»፣ «የማትለወጥ አጋር»፣ «ሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት ትብብር» ናት። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገርዬው የዓለም ስለሆነ) ግንኙነቱ በማናቸውም ሁኔታ የማይናወጥ ስትራቴጂያዊ አጋርነት ተብሎ ከፍ ብሏል። በገበያው ስድብ፣ በአዳራሹ ውዳሴ! ሁለቱ ቋንቋዎች አይገናኙም እንዳትሉ። በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የእኛን እጅ አያሳዩም። ዕቃው ሲሰበር ቻይና ናት የሰበረችው። መንገዱ ሲሠራም ቻይና ናት የሠራችልን። እኛ የት ነበርን?

የማውቀው አንድ አስመጪ አለ። ድሮ ዱባይ ነበር የሚመላለሰው። በኋላ ዱባይ የሚገዛው ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ሲገባው ምንጩ ድረስ ልሂድ ብሎ ጓንዡ ወረደ። የመጀመሪያውን ጉዞውን ሲያጫውተኝ እንዲህ አለኝ። «ናሙና ይዤ ፋብሪካው ገባሁ። ሰውዬው ስንት እንደምከፍል በካልኩሌተር ጻፍልኝ አለኝ። ጻፍኩ። ሳቀና ሌላ ቁጥር ጻፈ። እኔም ሳቅኩና የእኔን መልሼ ጻፍኩ። ከዚያ አስተርጓሚዋን ጠርቶ፣ በዚህ ዋጋ ከፈለገ መዳቡን እናሳንሳለን፣ ፕላስቲኩንም እናቀጥናለን፣ ዕድሜው ያጥራል፣ ይስማማል ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። ተስማማሁ። ካርቶኑ ላይ ምን ይጻፍ ሲለኝም የነገርኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ቻይናው አልዋሸኝም። እዚህ መጥቼ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እናማ የእኛ «ቻይና» የተሠራው እዚያ ይሁን እንጂ የታዘዘው ከዚህ ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ትልቁ ዕቃ እንለፍ።

ቻይና ከውጭው ዓለም ጋር ያላት ግንኙነት እንዲህ የተስፋፋው በአንድ ሌሊት አይደለም። ቹ ኢንላይ በ1963 መጨረሻና በ1964 መጀመሪያ አሥር የአፍሪካ አገሮችን ሲዞር አገሩ ራሷ ድሃ ነበረች። የእኛን ጃንሆይ ያገኛቸውም አሥመራ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለመቀበል የአሜሪካ ፊት የሚታይበት ዘመን ነበርና። ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የተመሠረተው በ1970 ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተጨባበጡ። በዚያው ዓመት ቻይና በተባበሩት መንግሥታት ወንበሯን ስትይዝ ድምፃቸውን ከሰጧት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ምዕራባውያን አያዋጣም ያሉትን የታንዛኒያና የዛምቢያ ባቡር፣ 1860 ኪሎ ሜትር፣ ቻይና ያለ ወለድ አበድራ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቿን ልካ የሠራችው በዚያ ዘመን ነው። እኛም ዘንድ ከወልዲያ ወረታ የሚወስደውን መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸው። በደርግ ጊዜ ነው። የጋሸናና የነፋስ መውጫ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ልብ በሉ፤ እዚያ አካባቢ «ቻይና» ስድብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ1978 በር መክፈት ጀመሩ፣ በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት ገቡ፣ በ2009 አሜሪካን አልፈው የአፍሪካ ትልቁ የንግድ ሸሪክ ሆኑ። በ2000 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የቻይናና የአፍሪካ ንግድ በ2024 ከ290 ቢሊዮን በላይ ደርሷል። በየሦስት ዓመቱ የሚደረገው የቻይናና የአፍሪካ መድረክ ሁለተኛ ስብሰባው በ2003 እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። የቀለበት መንገዱም የዚያው ዘመን ነው። ከዚያ ተከዜ፣ ከዚያ ቴሌ፣ ከዚያ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ፣ ከዚያ ባቡሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ ወሬ ምን ነበር? «መንገድ የሚሠሩት እስረኞች ናቸው አሉ።» «ከመጡ ወዲህ የሰፈራችን ውሻ አልቋል አሉ።» እስረኛ ናቸው የተባሉት ሰዎች ፀሐይ ላይ ከእኛ ልጆች ጋር አብረው ይቆፍራሉ፤ ማታ በኮንቴይነር ያድራሉ፤ «ችግር የለም» የምትለዋን አማርኛ ተምረው ለሁሉም ነገር እሷኑ ይመልሳሉ። አንድ መሐንዲስ በገዛ እጁ አካፋ ሲይዝ ያየ ሐበሻ እስረኛ ከመሆኑ ሌላ ምክንያት አልታየውም። (ይህ ስለ ቻይናው ሳይሆን ስለ እኛ መሐንዲሶች ብዙ ይናገራል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ስለ ውሻው ይህን ያህል ያወራን ሰዎች ስለ ውሉ ግን ዝም! ወለዱ ስንት ነው? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ልጆቻችን ምን ተምረው ይወጣሉ?

ይህን ጥያቄ ማንሳት ቻይናን መጥላት የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል። ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጣ የምትጠይቀው ራሷ ቻይና ናት። ምስክር ልጥራ። በ1984 ጀርመኖቹ ቮልስዋገኖች ሻንጋይ መጥተው መኪና እንገጣጥም አሉ። ቻይና ያን ጊዜ የእኛን ወንበር ነው የተቀመጠችው፤ ገንዘብ የላት፣ ዕውቀት የላት፣ ያላት ሰውና ገበያ ብቻ። ታዲያ ግቡ አለቻቸው፤ ግን በሽርክና። መጀመሪያ ላይ ሳንታና የተባለችው መኪና ላይ አገር ውስጥ የሚሠራው ጎማ፣ ሬዲዮና አንቴና ብቻ ነበር ይባላል። ቻይኖቹ ግን በየዓመቱ ዛሬስ ስንት ዕቃ እዚህ ተሠራ እያሉ ወጥረው ያዟቸው። አሥር ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ሲል የመኪናዋ አብዛኛው አካል እዚያው የሚሠራ ሆነ።

መኪናው ይቅር፤ ስለ ባቡር እናውራ። ቻይና በ2004 ፈጣን ባቡር ከውጭ ስትገዛ ለጃፓኖቹ 60 ባቡር አዘዘች። ከ60ው ተሠርተው የመጡት 3 ብቻ ናቸው። 6ቱ ተበታትነው መጥተው በቻይና ሠራተኞች ተገጣጠሙ። የቀሩት 51ዱ በቻይና ፋብሪካ ተሠሩ። ሦስት፣ ስድስት፣ ሃምሳ አንድ! የጃፓንን ዕውቀት በውል ገዝተው ዛሬ እነሱ ለሌላው ሻጭ ናቸው።

እኛስ? የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር አሠራን። 85 ከመቶው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በ2015 ሲመረቅ እኔም ተሰልፌ ተሳፍሬያለሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከጊዮርጊስ ቃሊቲ በጥቂት ብር! 41ዱም ባቡሮች ተሠርተው መጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በመለዋወጫ እጦት ግማሾቹ እንኳ የማይንቀሳቀሱበት ጊዜ መጣ። ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ሰው ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። «ቻይና ነዋ!» አለ።

እኔ ግን እላለሁ፤ ያን ባቡር የሠራው አገር ለራሱ ሲገዛ «ሦስቱን አምጡ፣ የቀረውን እኛው እንሠራለን» ያለ አገር ነው። ለእኛ ያን ዓይነት ውል አቅርቦልን እምቢ አላልንም። አልጠየቅንም፤ ወይም ከጠየቅን እስኪሰጡን ወጥረን አልያዝንም። ሻጭ ደግሞ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። መርካቶም እንደዚያው ነው።

«ቻይና በብድር አጠመደችን» የሚለውንም ዘፈን ሰምቻለሁ። ብድሩ ቀላል አይደለም። ከ2000 ወዲህ ከቻይና አበዳሪዎች የወሰድነው ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የአዲስ አበባ ጅቡቲው ባቡር ብቻውን፣ ጅቡቲን ጨምሮ፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ2016 ተመርቆ፣ በ2018 መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ፣ ዓመት ሳይሞላው የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ይራዘምልን ብለን ተራዘመልን። በ10 ዓመት እንከፍላለን ብሎ የፈረመው ሰው ግን ሒሳቡን በምን ሠራው? አሥሩን ዓመት ቻይናው ጫነብን ቢባል እንኳ ከሥሩ የእኛ ፊርማ አለ። ደግሞም ወጥመድ ወጥመድ ለሚሉት አንድ ነገር ላስታውስ። በታኅሣሥ 2023 አገራችን ሳትከፍል የቀረችው 33 ሚሊዮን ዶላር የቻይና አይደለም። በ2014 ለዓለም ገበያ የሸጥነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ ነው። ዕዳችንን ለማሸጋሸግ የተሰበሰቡትን አበዳሪ መንግሥታት ደግሞ ቻይናና ፈረንሣይ ናቸው በጋራ የመሩት። እንግዲህ ወጥመዱ የአንድ አገር አይደለም።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን እንኳ በባቡራቸው ውል ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። በ2022 መንግሥታቸው ውሉን በከፊል አውጥቶ አሳያቸው። እዚህ የእኛን ውል አንብቤዋለሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ግፍ እንዳይሆን፣ እምቢ ያልንበትም ጊዜ አለ። ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት የአህያ ቆዳ ይፈለጋልና ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። የከተማው ሰው ተነሣ። በ2017 ቄራው ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ራሱ የአህያ ቆዳ ንግድን ከለከለ። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር ነንና ነገሩ የእኛ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የተከራከርንበት ነገር አሁንም ይገርመኛል። «አህያ ማረድ ነውር ነው» ነበር ያልነው። ልክ ነው፣ ነውር ነው። ነገር ግን አህያዋ ለገጠሯ እናት ውኃ ቀጂ፣ እህል ጫኝ፣ ወፍጮ ቤት አድራሽ ናት። ዋጋዋ ሲሰቀልና ቁጥሯ ሲመናመን ሸክሙ ወደ ማን ጀርባ ይዞራል ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አልነበረም። ሲያስጠላን ተናገርን። ሒሳብ ሲሆን ዝም አልን።

ሒሳቡን በሚገባ የሠሩት መርካቶ ነው ያሉት፤ ጫማ ሠሪዎቹ። ከ2000 ወዲህ የቻይና ጫማ እንደ ጎርፍ ሲገባ ያስታወሰ ያስታውሳል። ያብረቀርቃል፣ ፋሽን ነው፣ ርካሽ ነው። የመርካቶ ጫማ ቤቶች ተዘጉ፣ ሠራተኛ ተበተነ። ዘመድ የሆነኝ አንድ ሰው ያን ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ወደ ታክሲ ሹፍርና ሄዷል። የቀሩት ግን ተቀምጠው አላለቀሱም። የቻይናውን ጫማ ገዝተው ፈቱት። ምኑ እንዳማረ አዩ፤ ምኑ እንደሚቀደድም አዩ። ቅርጹን ወሰዱ፣ ሶሉንና ማስቲሹን አሻሻሉ፣ የራሳችንን ቆዳ ለበሱበት። ሰውም በክረምት ሁለት ወር ያልቆየለትን ጫማ እያስታወሰ ተመለሰላቸው። ጥቂት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። በዚህ ላይ ጥናት የጻፉ ምሁራን አሉ፤ ከውጭም ከውስጥም። ታሪኩ ግን በየአዳራሹ አይነገርም። ሪባን የተቆረጠለት አይደለማ!

እነዚህ ሰዎች ቻይናን አልሰደቡም፣ አላወደሱም። ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጉጠት ፈቱት። በ2012 ደግሞ አንድ የቻይና ጫማ አምራች እዚሁ ዱከም ፋብሪካ ከፍቶ ለአሜሪካ ገበያ መሥራት ጀመረ። የእኛ ቆዳ፣ የእኛ ልጆች፣ የእነሱ ማሽን። ያን ጊዜ መርካቶ ያሉትን ጫማ ሠሪዎች ጠርቶ፣ «እናንተ ይህን ነገር አስቀድማችሁ ፈትታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምን እንጠይቃቸው?» ያለ ሰው ነበር ወይ? ቢኖር ደስ ባለኝ።

ባለማከፋፈያውን ልጅ ረሳነው። የትኛውን ገዛህ ካላችሁ፣ ቻይናውን ነው የገዛሁት። የወሩ መጨረሻ ነበር፤ ኪሴ የፈቀደው እሱን ነው። ልጁ በፌስታል እየጠቀለለ፣ «ፋዘር፣ ምድጃ እንዳትሰካበት» አለኝ። አልሰካሁበትም። ትናንት ማታ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ተነሥቼ ነቀልኩት። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና፣ «ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምንም አይደለም» አልኳት። «ቻይና ነው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።